ከቤታችን ጥግ የተከመረው

እንጅባራ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአሳምነው፣ ላለህበት

የማሪቱ አባት፣ እንደምን ሰንብተሃል?

ደብዳቤ ሲጻፍ «እኛ ደህና ነን፣ ከናፍቆትህ በቀር ምንም የጎደለብን የለም» ተብሎ እንደሚጀመር አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አንብቤው አፈርኩና ወረቀቱን ቀደድኩት። ደህና ብንሆን ኖሮ ቤቴን ትቼ እንጅባራ እህቴ ትዕግስት ቤት ምን እሠራለሁ? ናፍቆቱ ግን እውነት ነው። እሱን አልቀደድኩትም።

ወረቀት ያነሳሁት ስልኩ ስላስመረረኝ ነው። ኔትወርክ በሌለ ቀን ያው የለም። ባለ ቀን ደግሞ አንተ ትዘጋብኛለህ። ገና «የከሰል ክምሩ ነገር» ብዬ አፌን ስከፍት «ቆይ፣ ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» ትልና ጥርቅም ታደርገዋለህ። መልሰህም አትደውልም። ሰው ሚስቱን እንዲህ አያደርግም፤ የሚያደርግ ካለም እኔ ዝም ብዬ የምቀበል ሴት እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። ወረቀት አይዘጋምና እንግዲህ ቁጭ ብለህ ስማኝ። የሚያደርስልህ ሹፌሩ ምንይችል ነው፤ የሰው ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ። አንብበህ እስክትጨርስ ከምትሠራበት የከሰል መጋዘን በር እንዳይነቃነቅ አስምዬዋለሁ።

በዚሁ በምንይችል አፍ የላክህብኝ መልእክት ደርሶኛል። ክምሩን አመድ ያደረገው አክሳዩ ሀብቱ ስለሆነ ዳግመኛ ደጃችንን እንዳይረግጥ፤ የቀረው የዲከረንስ ዛፍ ዝናብ ሳይመጣ ተቆርጦ እንዲከሰል፤ እኔም ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ እንድገባ። በጎ ነው። የላክኸውን ሁሉ እንደ አዋጅ ቆሜ ሰማሁት። ምንይችል ሲጨርስ «ስለ ማሪቱስ ምን አለ?» አልኩት። መሬት መሬት አየ። ምንም አላልክማ። ደሜ የፈላው ያኔ ነው።

ከሀብቱ ልጀምርልህ፣ የሰው ስም ነውና። ክምሩን አመድ ያደረገው ሀብቱ አይደለም። እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ በዶማ፣ በጠራራ ፀሐይ። አላበድኩም፤ ማንም አልመከረኝም። አሁን እንዴት እዚያ እንደደረስኩ እነግርሃለሁ፤ በመሀል ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ እንዳትከተው።

አንተ የዘንድሮውን በጋ አላየኸውም። ድሮ ከሰል የሚከሰለው ማሳው ላይ፣ እዚያው ዛፉ ከተቆረጠበት ነበር። ጭሱም ቢሆን ሸለቆው ውስጥ ይውል ነበር እንጂ ቤት የሚደርሰው ሳስቶ ነው። ዘንድሮ ግን ጊዜው እንደምታውቀው ሆነ። ማሳ ላይ አድሮ ክምር የሚጠብቅ ሰው ጠፋ፤ ያደረም ቢሆን ፈርቶ ነው የሚያድረው። አንዱ ብልጥ እንጨቱን በአህያ አጓጉዞ ከጓሮው ከመረ። ጎረቤቱ አየና ከመረ። ከዚያ ሁሉም ሰው ክምሩን እንደ በግ ወደ ግቢው አስገባው። አንተም በስልክ «ከቤቱ ጥግ ይከመር፤ እናቴ ከደጅ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች» አልክ። «የምንተኛበት ቤት እኮ ነው» ብልህ «ጭስ የማይገባበት ቤት የት አለ?» ብለህ ሳቅክብኝ። ያን ቀንም መሀል ላይ ዘጋህብኝ።

ጠዋት በር ስከፍት የጎረቤት ቤት አይታየኝም። አንተ ብትሆን ጉም ነው ትላለህ፤ እኛ አገር ጉም ብርቅ አይደለም። ግን ጉም ዓይን አያቃጥልም። ጉም ያጠብኩትን ልብስ አያጠቁርብኝም። ፀሐይ ሲወጣም ይሄዳል። ይሄኛው ግን ከየግቢው ወጥቶ ከመንደሩ ላይ እንደ ክዳን ይጋደምና ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ብትቆም ከዲያቆኑ ድምፅ ይልቅ የምእመኑ ሳል ነው የሚሰማህ። ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች ዓይናቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ይህን ሁሉ እያየ ሰው ምን ይላል መሰለህ? «ዘንድሮ ከሰሉ ጥሩ ነው» ይላል። በቃ። ይህንን ነው የሚለው።

የከሰል ጠላት እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። ቤታችንን ቆርቆሮ ያለበሰው ዲከረንስ ነው፤ ችግኙን በጀርባዬ ተሸክሜ ተዳፋቱን የወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ማሪቱ በሆዴ ሳለች። ስንዴ የማይዘው መሬት ዛፍ ሲይዝ ደስ ያለኝን ያህል ማን ደስ ብሎታል? እንዲያው ያ ሁሉ ልፋት ዞሮ በልጄ ጉሮሮ ይገባል ብዬ አላሰብኩም።

የማሪቱ ሳል የጀመረው በኅዳር ነው። እናትህ እማማ ሸጋ «ብርድ መትቷት ነው» አሉ። እኛ አገር ሰው ቢያስለው ብርድ ነው፣ ቢያልበው ብርድ ነው፣ ቢሞትም ብርድ ነው። ለብርድ ደግሞ መድኃኒቱ ሙቀት ነው። ሙቀት ያለው የት ነው? ክምሩ ጥግ። የክምሩ አፈር ቀን ከሌት ለብ እንዳለ ነው፤ አንተም እኮ ሙሽራ ሳለህ በሰው ማሳ ላይ ጀርባህን አስደግፈህ ትሞቀው ነበር። እናትህ አጎዛ ያነጥፋሉ፣ ማሪቱን በጋቢያቸው ጠቅልለው ያቅፏታል፣ ክምሩን ተደግፈው ተረት ይነግሯታል። በየግቢው እንዲሁ ነው። ሳል የያዘው ልጅ ሁሉ ከክምር ሥር ተቀምጦ ታገኘዋለህ። እናትህም ማሪቱ በባሰባት ቁጥር ይበልጥ ያስጠጓታል። አየህ አሳምነው፣ ልጃችንን ከሚያፍናት ነገር ጋር አስጠግተን፣ በጋቢ ጠቅልለን፣ እየሳምናት ነበር የምናሞቃት።

እናትህ ላይ አልፈርድም። አንጀቴ የሚያርረው ሌላው ነው። ዲከረንስ እንዴት እንደሚተከል፣ በስንት ክንድ ርቀት ጉድጓድ እንደሚቆፈር ሊያስተምረን የመጣ ሰው ሞልቷል። ስብሰባ ላይ ተቀምጠን እግራችን እስኪደነዝዝ ሰምተናል። ስለ ጭሱ አንዲት ቃል የተነፈሰልን የለም። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «ልጆቻችሁን ከዚያ አርቁ» ቢለን ምን ይጎድልበት ነበር?

አንድ ቀን ሀብቱ የክምሩን ስንጥቅ እየፈለገ ጭቃ ሲለጥፍ ማሪቱ «ለምንድነው የምትደፍነው?» አለችው። ሀብቱን ታውቀዋለህ፤ መሬት የሌለው፣ ከሰል እያከሰለ የሚያድር ልጅ ነው፤ ለሕፃንም እንደ ትልቅ ሰው አስቦ ነው የሚመልስ። «አየር ከገባበት ይነድና አመድ ይሆናል። ከሰል የሚሆነው ሲታፈን ነው» አላት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ እያሳለች «እኔም ታፍኛለሁ። ከሰል ልሆን ነው?» አለችው። ሀብቱ ጭቃውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። እናትህ ሳቁ። እኔ ከኋላ ቆሜ ሰማኋት፤ አልሳቅኩም።

በቃና ዘገሊላ ለት፣ ሰው ሁሉ ሚካኤልን ሊሸኝ ሲወጣ የማሪቱ ትንፋሽ ፉጨት ሆነ። ከንፈሯ ጠቆረ። ስትተነፍስ ጎኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አዝያት ወደ መንገዱ ሮጥኩ። ያገኘሁት ባጃጅ እስከ ጣሪያው ከሰል ጭኗል። «ጆንያውን አውርድልኝ» ብለው «የሰው አደራ ነው፣ እታለም» አለኝ። ነጠላዬን ገልጬ ልጄን አሳየሁት። ሌላ ቃል ሳይጨምር ወርዶ ጆንያውን ሁሉ ከመንገድ ዳር ደረደረውና አዲስ ቅዳም ከተማ አደረሰን፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ከዚያ በሚኒባስ እዚህ እንጅባራ ሆስፒታል ገባን። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረጉላት። ጥቁሩ ከከንፈሯ ላይ እስኪለቅ ድረስ እኔም ትንፋሼን ውጬ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። «ቤታችሁ ጭስ አለ?» አለችኝ።

«ከሰል እናከስላለን።»

«የት?»

«ከግድግዳው ማዶ። በአልጋዋ በኩል።»

ብዕሯን አስቀመጠች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እህቴ፣ ልጅሽን የያዛት አስም ነው። በአፏ የምትስበው መድኃኒት እሰጣታለሁ። ግን ተመልሳ ጭሱ ውስጥ የምትተኛ ከሆነ እኔ በአንድ በኩል ስከፍት እናንተ በሌላ በኩል ትደፍናላችሁ» አለችኝ። መድኃኒቷን ፓፍ ይሏታል፤ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ነገር ናት። ማሪቱ ወዲያው ለመደቻት። እንደ አሻንጉሊት ይዛት ነው የምትተኛው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ልጅ ታቅፈው የተቀመጡትን እናቶች ቀና ብዬ ባይ ስንቶቹን አወቅኋቸው። የአዲስ ቅዳም ገበያ ጓደኞቼ ናቸው። ገበያ ላይ ከሰል ተራ ጎን ለጎን ቆመን እንሸጣለን፣ ከዚያ ደግሞ እዚህ ልጅ ታቅፈን እንገናኛለን። አንዷ እኔን ስታይ ዓይኗን ሰበረች። ምን የሚያሳፍር ነገር ሠራን? ማፈር ያለበት ሌላ ሰው አይደለም ወይ?

ከሆስፒታል ስንመለስ ግቢያችን ውስጥ አዲስ ክምር ቆሞ ጠበቀን። እሳት ተለኩሶበት ሀብቱ አፉን እየደፈነ ነበር። «ምነው ሀብቱ?» አልኩት። «ባለቤቱ አዘዘኝ፣ እታለም። ለእናቱ ደውሎ ቶሎ ይለኮስ ብሏል» አለኝ። ለመድኃኒቷ ብር ያስፈልጋል ብለህ ነው አሉ። አሳምነው፣ ልጅቷን ባሳመማት ነገር ልታሳክማት ነበር? እኔ ያን ሰዓት ብትኖር ምን እንደማደርግህ አላውቅም። ደወልኩልህ፤ «ክምሩን አስቁመው» አልኩህ፤ «እሺ፣ ቆይ» አልክና ዘጋኸው።

እንግዲህ የአስተርዮ ማርያም ለት ደረሰ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ደብሩ ወጣ። ክምር በዓል አያውቅም፤ አንድ ሰው ከአጠገቡ መቅረት አለበት። ሀብቱ ሊቀር ሲል «ሂድ፣ ተሳልመህ ና፤ እኔ እጠብቀዋለሁ» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። እናትህም ሄዱ። ማሪቱ ቤት ውስጥ ተኝታለች። ሳሏ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ጭሱ በዚያው ግድግዳ ስንጥቅ ሲገባ ይታየኛል። የያዝኩትን ውዳሴ ማርያም ልደግም ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ሳሏ እየመጣ ያቋርጠኛል።

ተነሣሁ። ማሪቱን አውጥቼ ጭሱ ከማይደርስበት ከላይኛው አጥር ሥር አስቀመጥኳት። ቤቱ እንዳይያዝ ከበርሜሉ ውኃ እየቀዳሁ ግድግዳውን አረጠብኩ። ከዚያ ዶማውን አንሥቼ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ክምሩን ከሥሩ ናድኩት። አፈሩ ሲንሸራተት መጀመሪያ ወፍራም ቢጫ ጭስ ወጣ፤ ዓይኔ ጠፋ። ቀጥሎ እሳቱ አየር አገኘና ጉርር አለ። አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላማ የሚያቆመው የለም። ጭሱ እየሳሳ ሄደና ነበልባል ብቻ ሆነ። ማሪቱ ከአጥሩ ሥር ሆና «እማዬ፣ ነደደ» አለችኝ። «ይንደድ» አልኳት። ከኅዳር ወዲህ የግቢያችንን ሰማይ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግቢው ሞላ። እናትህ ራሳቸውን ይዘው ቆሙ። ሀብቱ የተናደውን አፈር ጎንበስ ብሎ አየ። በዶማ የተቆረጠ አፈርና በራሱ የተሰነጠቀ አፈር ጎንበስ ብሎ ላየው አክሳይ ይለያል። ቀና ብሎ እኔን አየኝና ለሰዉ «ስንጥቅ ሳልደፍን ነው የሄድኩት፤ የኔ ጥፋት ነው» አለ። አፌን ልከፍት ስል በዓይኑ ከለከለኝ። ኋላ ብቻችንን ስንሆን «እኔ ሌላ ክምር አገኛለሁ፣ እታለም። ያንቺ ግን ትዳር ነው» አለኝ። አላገኘም። «ዝንጉው ሀብቱ» ብለው ስም አወጡለት። ክምር የሚያስጠብቀው ጠፋ። ቀን ቀን ገበያው ዳር ቆሞ ሰው ሲያልፍ ያያል። አንተም አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ደጄን አይርገጥ ትላለህ።

እኔ በማግስቱ ማሪቱን ይዤ ወደዚህ መጣሁ። የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ እህቴ በር ላይ ቆመን አየን። ፈረሱ ሁሉ ተሸልሞ፣ መንገዱ ተጨናንቆ፣ ባጃጆቹ ማለፊያ አጥተው። ማሪቱ ከእጄ አመለጠችና ከፈረሶቹ ኋላ ሮጠች። ልጠራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ስትሮጥ አላሳላትም፤ ሄዳ ሄዳ ዞራ ሳቀችልኝ። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ትዕግስት ምን ሆንሽ ብትለኝ ማሪቱን በጣቴ አሳየኋት።

የሀብቱ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ባለፈው እሑድ ለእድሩ ስብሰባ ወደ ቀዬ ተመለስኩ። ዳኛው አቶ መሳፍንት የዕለቱን ነገር ጨርሰው ሊያሰናብቱን ሲሉ ተነሣሁ።

«ዳኛ፣ ክምሩን የናድኩት እኔ ነኝ። ሀብቱ የዋሸው ለእኔ ብሎ ነው። እዚሁ ስሙን መልሱለት» አልኩ።

አቶ መሳፍንት መነጽራቸውን አወለቁ። «ሴትዮ፣ የባልሽን ንብረት አጥፍተሽ ከሰው ፊት ትናገሪዋለሽ? ልጆቻችንን ያስተማረው ይሄ ጭስ አይደለም ወይ? እንግዶቹ እንኳ አየራችሁ መድኃኒት ነው ብለው መስክረውልናል።»

እንግዶቹ። አሳምነው፣ በዚህ ሳቄ መጣ። ክረምት ላይ ዛፋችንን ሊያዩ የመጡትን ታስታውሳለህ፤ በግ ያረድንላቸው፣ ካሜራ ይዘው ዛፍ ሥር እየቆሙ ሲነሡ የዋሉት። «እሱማ የመጡት በነሐሴ ነው፣ ዳኛ» አልኩ። «በነሐሴ ማን ያከስላል? ዝናቡ ሁሉን አጥቦ፣ ዛፉ አረንጓዴ ሆኖ፣ አየሩ ንጹሕ ሆኖ ነው ያገኙት። በየካቲት ይምጡና እኛ ቤት ይደሩ። በጉን እኔ አርድላቸዋለሁ፤ አልጋቸውንም ከክምሩ ጥግ አነጥፍላቸዋለሁ።» ከኋላ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ወንዶቹ አልሳቁም። የሀብቱን ስም መለሱለት፣ ይህን አልክድም። እኔን ግን በዳኛ ፊት ደፍሬ ስለተናገርኩ ቀጡኝ። ስለ ጭሱ ደግሞ «ወደፊት ይታያል» ተባለ። ልጅ መተንፈስ አቅቶታል ስትላቸው ወደፊት ይታያል ይሉሃል። ይህን ሰምቶ የማይናደድ ሰው ካለ እሱ ጤና የለውም።

ያኔ እናትህ ተነሡ። እድር ላይ ሲናገሩ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ሰምቼ አላውቅም። በአዊኛ ነበር የተናገሩት፤ በአዊኛ ሲናገሩ ከልባቸው እንደሆነ ታውቃለህ። «ብርድ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ከክምሩ ጋር ያስጠጋኋት በእነዚህ እጆቼ ነው። ዛሬ አውቄያለሁ። እናንተም ዛሬ ሰምታችኋል። ከዛሬ ወዲያ ልጁን የሚያስጠጋ ሰው አላውቅም ነበር አይበል።» ቁጭ አሉ። አቶ መሳፍንት መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ስብሰባው ተበተነ። ቀጣዩን ክምራቸውን ማሳ ላይ እናደርጋለን ያሉ ሁለት ቤቶች አሉ። ሁለት ቤት ብቻ። የቀረው መንደር እንደታፈነ ነው።

አሁን መልሴን ስማ። ሀብቱን ይቅርታ ትጠይቀዋለህ፤ በምንይችል አፍ ሳይሆን ራስህ ደውለህ። የቀረውን ዲከረንስ አላስቆርጥም። ከተቆረጠም ማሳ ላይ፣ ከመንደር ርቆ ነው የሚከሰለው፤ ጠባቂ ከጠፋ ዛፉ ቆሞ ይክረም። አይሆንም ካልክ ራስህ ና። ራስህ ከምረህ ከቤቱ ጥግ ለኩሰው፤ ከዚያ ግድግዳ ሥር ከልጅህ ጎን ተኛ፤ ሲነጋም ትንፋሿን ሰምተህ አሁንም እዚሁ ይከሰል ካልክ እኔ አንድ ቃል አልናገርም። እስከዚያ ድረስ ወደዚያ ቤት አልገባም፤ ልጄንም አላስገባም።

ደብዳቤው እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ላሽገው ስል ማሪቱ መጣችና ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለች።

«ለአባዬ ነው?»

«አዎ።»

«ስለ ሳሉ ጻፍሽለት?»

«ስለ ሳልሽ ጽፌለታለሁ።»

«የኔን አይደለም። የአባዬን።»

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። «አባዬ ስልክ የሚዘጋው እኮ ሊያስለው ሲል ነው» አለችኝ። «እኔም ሲመጣብኝ እንዳትሰሚ አፌን እይዛለሁ።» እንዲህ ብላ ሄደች፣ ምንም ትልቅ ነገር እንዳልተናገረች።

ቁጭ አልኩ። የዘጋህብኝን ስልክ ሁሉ መልሼ በጆሮዬ ሰማሁት። «ቆይ፣ ቆይ» ስትል ድምፅህ የሚታነቀው ለካ ለዚያ ነው። ወዲያው ምንይችል ጋ ሄድኩ፤ መኪናው ላይ ጆንያ እያስጫነ ነበር። «እውነቱን ንገረኝ» አልኩት። እንደገና መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜም ያቀረቀረው ስለ ማሪቱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚያ መጋዘኑ ውስጥ ከጆንያው ላይ እንደምትተኛ፣ ጥቁሩ አቧራ ከቤቱ እንደማይጠፋ፣ ከገና ወዲህ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ እንደምትይዝ ነገረኝ። ለእኔ ለዘውድነሽ እንዳትነግር ብለህ አስምለኸው ኖሯል። እኔም አስማልኩት፤ የኔ መሐላ በለጠ።

ከላይ የጻፍኩትን አንድም አልሰርዝም። ሁሉም እውነት ነው፤ የተናደድኩትም እውነት ነው። አሁን ግን ሁለት ሆናችሁብኛል።

ፖስታውን ሳሽገው ከበደኝ። ስከፍተው ማሪቱ ፓፏን ከታበታለች። አወጣሁት፤ ለእሷ ያስፈልጋታል፣ ሐኪሟም መድኃኒት አንዱ ለሌላው አይሰጥም ብላናለች። ስለዚህ ማሪቱ የላከችልህን እዚህ መጥተህ ነው የምታገኘው። ስላንተ ለሐኪሟ ነግሬያታለሁ። ምንይችል ሲመለስ ከፊት ወንበር ላይ ቦታ ይይዝልሃል፤ እንዲመልስህም አስምዬዋለሁ።

እናትህ ይስሙሃል። ማሪቱም ትስምሃለች። አስተርዮ ማርያም ትንፋሽህን ትጠብቅልኝ፤ መንገዱን ሰላም ታድርግልህ፤ በእግርህ ቆመህ ከደጄ ታድርስህ።

ያንተዋ
ዘውድነሽ

ዛሬ ማታ ብትደውል ስልኩን አትዝጋብኝ። ቢያስልህም እዚያው ሳል፤ እኔ እሰማሃለሁ።